ሲኒማ ቤት የተጣለው ሕፃን

«ፓታን» የተሰኘውን የሂንዲ የስለላ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በአማርኛ እየተተረከ ነው። የእህቴ ልጅ በፍላሽ ይዛው የመጣችው ቅጂ፣ ተዋንያኑ በሂንዲ ሲነጋገሩ አንድ ሰው ብቻውን የጀግናውንም የጀግናይቱንም የጄኔራሉንም ቃል እየተቀበለ በአማርኛ የሚያወርደው፣ ሲያሻው ቀልድ የሚጨምርበት፣ ሲያሻው ደግሞ ከታሪኩ ቀድሞ «አሁን ጉድ ይፈላል» ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ዓይነት ነበር። ሳሎን ውስጥ ስድስት ሆነን ከልባችን ሳቅን። ሰዎች በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ በሞተር ሳይክል ሲሳደዱ፣ በጀርባቸው ክንፍ ያለው ሞተር አዝለው በተራሮች መካከል ሲበሩና በአየር ላይ ሲደባደቡ አየን። እህቴ «የህንድ ፊልም እኮ ነው» አለች። እኛ ቤት ይህች ዓረፍተ ነገር ከተነገረች በኋላ ክርክር የለም።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ስለ ፊልሙ የተጻፉ ግምገማዎችን ሳነብ ግን ግራ ተጋባሁ። ሃያስያኑ የጻፉት እኔ ስላየሁት ፊልም አልመስልህ አለኝ። ካነበብኳቸው መካከል በርከት ያሉት ደጋግመው የሚያነሡት አንድ አጭር ምልልስ ነበር፤ ጀግናይቱ ጀግናውን ሙስሊም ነህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች፣ እሱም እንደማያውቅ፣ ወላጆቹ ገና ሕፃን ሳለ ሲኒማ ቤት ውስጥ ጥለውት እንደሄዱ ይመልስላታል። ይህን ቦታ ፈጽሞ አላስታወስኩትም። ቅጂውን መልሼ ከፍቼ ስፈልገው አገኘሁት፤ ተራኪያችን በዚያች ደቂቃ ስለ ጀግናይቱ ልብስ በሚያወርደው በራሱ ቀልድ ተጠምዶ ነበር።

ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያለ ተራኪ፣ በእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ የገባኝን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ስለዚህ ፊልም የጻፉት ሰዎች የገመገሙት ታሪኩን ሳይሆን የአንድን ሰው ፊት ነው። በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ፊልሙ ራሱ ያንን ፊት እንዲያዩ አጥብቆ ለምኗቸዋል። ይሁን እንጂ ፊት ፊቱን ሲያዩ ያለፏቸው ነገሮች አሉ፤ የእኔ ቅሬታም ከዚያ ይጀምራል።

የህንድ ፊልም የለመድኩት ደሴ ውስጥ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚው ጀርባ የለውም፣ ቴሌቪዥኑ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል፣ ዴኩ አልፎ አልፎ ካሴቱን ይበላል። ሂንዲ የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ጋሼ የምንለው ባለቤቱም አያውቅም፤ ነገር ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በሙሉ ልብ ያስረዳን ነበር። «ይሄ አክተሩ ነው፣ ይሄ ሌባው ነው። ይሄኛው ደግሞ ጠፍቶ የቀረው ልጅ ነው፤ እናቱ በክታቡ ታውቀዋለች።» የሚገርመው ብዙ ጊዜ አይሳሳትም ነበር። የዚያን ዘመን የሂንዲ ፊልሞች ጥቂት መንገዶች ነበሯቸው፤ ከእነዚያ ሁሉ የሰፋው መንገድ በልጅነቱ ጠፍቶ በመጨረሻ ከእናቱ ጋር የሚገናኝ ልጅ ታሪክ ነው። ስለዚህ እኛ ቋንቋውን ባናውቅም ፊልሙን እናውቀው ነበር፤ ቢያንስ የምናውቀው ይመስለን ነበር።

«ፓታን» ለዕይታ የበቃው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2023፣ የህንድ የሪፐብሊክ በዓል ዋዜማ ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው መሆኑ ነው። ዳይሬክተሩ ሲዳርት አናንድ ሲሆን ያሠራው ያሽ ራጅ ፊልምስ የተባለው የሙምባይ ኩባንያ ነው። ዋናው ተዋናይ ሻሩክ ካን በወቅቱ 57 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ በመሪ ተዋናይነት አንድም ፊልም አላወጣም፤ ያኔ ያወጣውም አልተሳካለትም። በመካከሉ፣ በኦክቶበር 2021፣ ትልቁ ልጁ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ተይዞ ከሦስት ሳምንት በላይ ታስሮ ነበር፤ በሜይ 2022 መርማሪው መሥሪያ ቤት ማስረጃ የለም ብሎ ነፃ አድርጎታል። በእነዚያው ዓመታት የሂንዲ ፊልሞችን አትዩ የሚል ዘመቻ በማኅበራዊ ሚዲያ ይጧጧፍ ነበር፤ ዘመቻው ሁሉንም ቢነካም ሙስሊም የሆኑትን ታላላቅ ተዋንያን ይበልጥ ያነጣጠረ ነበር።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገር፤ በረጅሙ ቢነገርም ብዙ አይጨምርም። ህንድ በኦገስት 2019፣ ፓኪስታንም የእኔ ነው ለምትለው ለጃሙና ካሽሚር ልዩ አቋም ይሰጥ የነበረውን የሕገ መንግሥቷን አንቀጽ 370 ስትሽር፣ በካንሰር የታመመና ዕድሜው የተቆጠረ አንድ የፓኪስታን ጄኔራል ለበቀል ይነሣል፤ ጂም የተባለውን የቀድሞ የህንድ ሰላይ በገንዘብ ይቀጥራል። ጂም የፈንጣጣን ቫይረስ በቤተ ሙከራ ለውጦ አደገኛ መሣሪያ ሊያደርገው ይነሣል። የመሣሪያው ስም ራክትቢጅ ነው፤ በሂንዱ አፈ ታሪክ ደሙ ጠብ ባለ ቁጥር ከእያንዳንዷ ጠብታ ሌላ ራሱን የሚመስል የሚነሣለት ጋኔን ማለት ነው። ፓታን የተባለው ሰላይ፣ ሩባይ ከተባለችው የቀድሞ የፓኪስታን ስለላ ድርጅት ባልደረባ ጋር አንዴ እየተባበረ አንዴ እየተካካደ፣ ከዱባይ እስፔን፣ ከእስፔን ሞስኮ ይህን ለማስቆም ይሮጣል። ሩባይን ዲፒካ ፓዱኮኔ፣ ጂምን ጆን አብርሃም ተጫውተዋቸዋል። አማርኛችን የድርሰትን አካሄድም የተንኮልን ምክክርም «ሴራ» ብሎ በአንድ ቃል መጥራቱ ለዚህ ፊልም ልክ የተሰፋ ነው፤ ሁለቱም ዓይነት ሴራ እኩል ላልቷል።

ፊልሙ ሳይወጣ የተነሣው አቧራ ግን የላላ አልነበረም። በዲሴምበር 2022 አጋማሽ ገደማ የተለቀቀው የመጀመሪያው ዘፈን ርዕሱ «ዕፍረተ ቢስ ቀለም» እንደማለት ነው፤ ዲፒካ በአንደኛው ትዕይንት የብርቱካን ቀለም ያለው የዋና ልብስ ለብሳለች። ያ ቀለም በህንድ የሂንዱ መናንያን ልብስ፣ የሂንዱ ብሔርተኝነት ፖለቲካም ዓርማ ነው። የማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ናሮታም ሚሽራ ትዕይንቱ ካልተስተካከለ ፊልሙ በክፍለ ግዛታቸው መታየቱ እንደሚያጠያይቅ ተናገሩ። የተዋንያኑ ምስል በአደባባይ ተቃጠለ፣ አሕመዳባድ ውስጥ ተቃዋሚዎች አንድ የገበያ አዳራሽ ገብተው ማስታወቂያዎቹን ቀደዱ። የሳንሱር ቦርዱም ዘፈኖቹን ጨምሮ የተወሰኑ ማስተካከያዎች እንዲደረጉ ማዘዙን በሊቀ መንበሩ በኩል አስታወቀ። የእኔ ተራኪ ስለ ልብስ ቢቀልድ ምን ይደንቃል? አንድ ክፍለ ግዛት ሙሉ ስለ ልብስ ሲያወራ ከርሟል።

ከዚያ ሰሞን ወሬዎች ሁሉ እኔ የማልረሳው ግን ከአሳም ክፍለ ግዛት የተሰማውን ነው። ጉዋሃቲ ከተማ ውስጥ አክራሪ ወጣቶች ሲኒማ ቤት ሄደው የፊልሙን ማስታወቂያ ከቀደዱ በኋላ፣ ጋዜጠኞች የክፍለ ግዛቱን ዋና ሚኒስትር ሂማንታ ቢስዋ ሳርማን ስለ ጉዳዩ ሲጠይቋቸው፣ ሻሩክ ካን ማነው፣ ስለ እሱም ስለ ፊልሙም የማውቀው የለም የሚል መልስ ሰጡ። በማግስቱ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው፣ ሻሩክ ካን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ደውሎልኝ ሥጋቱን ነግሮኛል፣ ጸጥታ ማስከበር የመንግሥት ግዴታ መሆኑን አረጋግጬለታለሁ ብለው በትዊተር ጻፉ። በእኩለ ሌሊት ሥልጣን ላለው ሰው ስልክ ደውሎ «ሥራዬን አትንኩብኝ» ማለት፣ የትኛውም የስለላ ፊልም ጸሐፊ ቢያስገባው የማያሳፍረው ትዕይንት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲም በዚያው ወር ለፓርቲያቸው ሰዎች፣ ስለ ፊልም አላስፈላጊ አስተያየት መስጠትን እንዲያቆሙ እንደመከሯቸው ጋዜጦች ዘግበዋል።

ሻሩክ ካን በበኩሉ ከወትሮው ልማድ ወጥቶ ዝም አለ። ፊልም ሊያወጣ ሲል ከየቴሌቪዥኑ የማይጠፋው ሰው በዚህኛው ለጋዜጠኞች ቃለ ምልልስ አልሰጠም፤ በትዊተር የአድናቂዎቹን ጥያቄ በቀልድ መመለስ ብቻ ነበር ሥራው። በዲሴምበር 15 በኮልካታ የፊልም ፌስቲቫል መክፈቻ ላይ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ጥላቻ ተናግሮ፣ ዓለም የፈለገውን ቢያደርግ እኔም እናንተም በጎ የሚያስቡ ሁሉም በሕይወት አለን ብሎ ዘጋው። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። «በሕይወት አለ» የሚለው ቃል ፊልሙ ውስጥ ፓታን የሚለው ቃል ነውና።

ከዚያ ቀኑ ደረሰ። በአንዳንድ ከተሞች ሲኒማ ቤቶች ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አሳዩ፤ ተመልካቹ መቀመጫ ትቶ ጨፈረ፣ ከበሮ ደለቀ። ወደ 250 ክሮር ሩፒ እንደወጣበት የሚነገርለት ፊልም በመላው ዓለም ከ1,000 ክሮር በላይ ገቢ አገኘ፤ አንድ ክሮር አሥር ሚሊዮን ነውና ከ10 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ማለት ነው። ስለ ገቢ ከዚህ በላይ አላወራም። የህንድ የፊልም ጋዜጠኝነት ከገቢ ቁጥር ጋር ያለው ፍቅር ግምገማን ሁሉ ወደ ሒሳብ ደብተር ሊለውጠው ምንም አልቀረው፤ እኔም በዚያ በሽታ መያዝ አልፈልግም።

ግምገማዎቹ በአብዛኛው ደጎች ነበሩ። ደግነታቸው ግን የሚገርም ቅርጽ ነበረው። በመጀመሪያው አንቀጽ ሃያሲው የፊልሙን ጉድለት ይዘረዝራል፤ የኮምፒውተር ምስሎቹ ጥሬ መሆናቸውን፣ ሴራው በወንፊት ውሃ የመቅዳት ያህል መሆኑን፣ አገር ከአገር የሚያዘልለው ሩጫ ምክንያት እንደሌለው ይናገራል። በሁለተኛው አንቀጽ «ነገር ግን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ስለ ሻሩክ ካን ነው፤ ስለ ጸጉሩ፣ ስለ ሰውነቱ፣ በራሱ ዕድሜ ላይ ስለ መቀለዱ፣ ሴቷ ከእሱ እኩል ስትደባደብ ቦታ ስለ መልቀቁ፣ የድሮ የፍቅር ፊልሞቹን ዓይን ይዞ ጠመንጃ ስለ መተኮሱ። ያኔ ራሱ እንደተናገረው ከ32 ዓመት በፊት ወደ ፊልም የመጣው የድብድብ ጀግና ሊሆን ነበር፤ የፍቅር ጀግና አደረጉት። ሃያስያኑ ይህን የዘገየ ምኞት ሲሞላ ያዩ ዘመዶች ይመስሉ ነበር። ልጁ ሲዳር የመጣ አጎት ስለ ድግሱ ወጥ ጨው ማነስ አይናገርም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛውን ጊዜ ሳየው እኔም ከዘመዶቹ አንዱ ሆኜ ተገኘሁ። በተለይ በሩሲያው ባቡር ላይ። ፓታን ተይዞ በባቡር ሲወሰድ፣ ከ2012 ጀምሮ በሌላ ተከታታይ ፊልም የምናውቀው ታይገር የተባለው ሰላይ፣ ማለትም ሳልማን ካን፣ ጣሪያ ሰብሮ ይገባል። ሁለቱም ያኔ የሃምሳዎቹን አጋማሽ ያለፉ ሰዎች ነበሩ፤ ይደባደባሉ፣ ያለከልካሉ፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ይካፈላሉ። ተራኪያችን እዚህ ጋ ምንም ቀልድ አልጨመረም፤ መጨመርም አያስፈልገውም ነበር። ፓታን የሚመራው ክፍልም በጉዳት ምክንያት ከሥራ የተሰናበቱ ሰላዮች ስብስብ ነው፤ ጃፓናውያን የተሰበረ የሸክላ ዕቃ በወርቅ የሚጠግኑበት ጥበብ እንደ ምሳሌ ተነሥቶ ይነገራል። ምሳሌው ጮክ ያለ ነው፤ የተሰበረውና በወርቅ የተጠገነው ማን እንደሆነ ለመጨረሻው አግዳሚ ሳይቀር እንዲሰማ ተደርጎ የተነገረ ነው።

አሁን ወደዚያች ወደ ጠፋችብኝ ምልልስ ልመለስ። ሙስሊም ነህ ወይ የሚለው ጥያቄ በ2023 ህንድ ውስጥ፣ በዚያ ተዋናይ ፊት ላይ፣ ተራ የትውውቅ ጥያቄ አይደለም። የፊልሙ መልስ ደግሞ ተንኮለኛ መልስ ነው። አዎ አይልም፣ አይደለሁም አይልም። ሲኒማ ቤት ውስጥ ተገኘሁ፣ አገሬ አሳደገችኝ ይላል። ስሙን ያገኘው በአፍጋኒስታን አንድ መንደር ነው፤ ሕዝቡን ከሚሳይል ስላዳነ በራሳቸው ሕዝብ ስም ፓታን አሉት፣ በዚያም ልጄ የምትለው እናት አገኘ። ተዋናዩን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ በሁለት ድምፅ ይሰማል፤ የሻሩክ ካን አባት የተወለዱት ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ፔሻዋር ነው፣ ወላጆቹንም ገና በወጣትነቱ ተራ በተራ በሞት አጥቷል። ስለዚህ ወላጅ የሌለውና ሲኒማ ቤት ያሳደገው ሰው ማን እንደሆነ ተመልካቹ ሳይነገረው ያውቃል። ገጸ ባሕርዩ ሃይማኖቱን አያውቅም፤ ተዋናዩ ያውቃል፤ ተመልካቹም ተዋናዩ እንደሚያውቅ ያውቃል። ሃያስያኑ በዚህች ደቂቃ ተደስተው ብዙ መጻፋቸው ትክክል ነበር፤ ከሁለት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃው ሁሉ በጽሑፍ የበሰለችው ይህች ብቻ ናት ብዬ አስባለሁ።

ይሁን እንጂ ያው ፊልም ከየት እንደሚጀምር እናስታውስ። ኦገስት 5 ቀን 2019፣ ላሆር፣ የጄኔራሉ ክፍል። በእውነተኛው ዓለም በዚያ ቀን ካሽሚር ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ሦስት የቀድሞ ዋና ሚኒስትሮችን ጨምሮ በርካታ ፖለቲከኞች ታስረዋል፤ ፈጣኑ የሞባይል ኢንተርኔት የተመለሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ፊልሙ ውስጥ ግን ካሽሚር ማለት የሩቅ ጄኔራል ቁጣ ብቻ ነው። እዚያው የሚኖር አንድ ካሽሚራዊ፣ እናት ይሁን ተማሪ ይሁን ባለ ሱቅ፣ ድምፁ አይሰማም። የአማርኛ ተራኪው «ህንድ የካሽሚርን ሕግ ስለቀየረች ጄኔራሉ በገነ» ብሎ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ሲያልፈው አላዋቂነት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው ግን ከፊልሙ ምንም አላጎደለም። ፊልሙም ያለው ያንኑ ነው።

ካነበብኳቸው ግምገማዎች ውስጥ በዚህ ላይ ቆም ያሉት ጥቂቶች ናቸው። የበዙት ፊልሙ ከሌሎች የዘመኑ የአርበኝነት ፊልሞች ይልቅ ለዘብ ያለ መሆኑን አመስግነው አለፉ፤ ፓኪስታንን በጅምላ አለመስደቡን፣ የፓኪስታን ሰላይ የነበረችውን ሴት ከጀግናው ጎን ማቆሙን። ይህ እውነት ነው፣ ቀላል ነገርም አይደለም። ሆኖም መለዘብ በራሱ ፍርድ አያስቀርም። የመንግሥትን አንድ ትልቅ ውሳኔ ተሟጋች የሌለበት መነሻ አድርጎ ወስዶ፣ የሚቃወመውን ሁሉ በአንድ የሚሞት እብድ ጄኔራል ገላ ውስጥ መክተት፣ ጮኾ ከሚሰድብ ፊልም ይልቅ ለስለስ ብሎ የሚገባ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ደራሲ ቢጽፈው በዛ ይባላል። የካሽሚር ትልቋ ከተማ በሆነችው በስሪናገር ሲኒማ ቤቶች ከ1990 አካባቢ ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት በአብዛኛው ተዘግተው ኖረዋል፤ ዘመናዊ ሲኒማ ቤት የተከፈተው በሴፕቴምበር 2022 ነበር። በ«ፓታን» ሰሞን ያ ሲኒማ ቤት «መቀመጫ አልቋል» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በፌብሩዋሪ ለፓርላማ ሲናገሩ፣ የፊልሙን ስም ሳይጠሩ፣ የስሪናገር ሲኒማ ቤቶች ከአሥርት ዓመታት በኋላ መሙላታቸውን አነሡ። ከወር በፊት ደጋፊዎቻቸው ያቃጥሉት የነበረው ሰው ፊት የሰላም ማስረጃ ሆነ። ካሽሚራውያኑ ግን ቲኬት ቆርጠው ገቡ፣ ካሽሚር የሌለችበትን የካሽሚር ፊልም አዩ፣ ምናልባትም እንደ ሌላው ሁሉ አፏጩ። ለምን አያፏጩ? ሻሩክ ካን የእነሱም ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጂም ላይ ነው። ጆን አብርሃም በግምገማዎቹ ሁሉ ተመስግኗል፤ ምስጋናው ግን ስለ ቁመናውና ስለ ግርማው ነበር። ሰውየው የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከቁመናው ይበልጣል። ጂም ለአገሩ የሠራ ሰላይ ነበር። አሸባሪዎች እሱንና ነፍሰ ጡር ሚስቱን ያዙ፤ የተጠየቀውን ገንዘብ መንግሥት አልከፍልም አለ፤ ሚስቱ ዓይኑ እያየ ተገደለች። እሱንም እንደሞተ ቆጥረው ስሙን ከጀግኖች ተራ አስገቡት። ይህ ሰው አገሬ ለእኔ ምን አደረገችልኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ ፓታን የሚመልሰው ወታደር አገሬ ምን አደረገችልኝ አይልም፣ ለአገሬ ምን ላድርግላት ይላል እንጂ በሚል መንፈስ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። እኔ ግን መልሱ ለጥያቄው አልመስልህ አለኝ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው «ምን ላድርግላት» ከሚለው ወገን ነበረ፤ የከዳችውም ያደረገላት አገሩ ናት። ፊልሙ ይህን ቁስል ከፍቶ አሳይቶን፣ ቫይረስና የሚበር ሞተር ጣል አድርጎበት፣ ዘጋው። ስለ ስለላ በቁም ነገር የሚያስብ ፊልም ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የጂም ይሆን ነበር።

ሃያስያኑ ይህ ሳይታያቸው ቀርቶ ነው ብዬ አላምንም። ያን ሳምንት ፊልሙን መንቀፍ ከማን ጋር እንደሚያስቆም እያሰቡ ጽፈዋል፤ ማስታወቂያ ከሚቀድዱት ጎን ላለመታየት ብዕራቸውን አለዘቡ። ይህን ስል ልረዳቸው እየሞከርኩ ነው፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ምናልባት ያንኑ አደርግ ነበር። አንድ ፊልም ከውጭ በጥላቻ ሲከበብ፣ ሃያሲው በሩ ላይ እንደቆመ ዘበኛ ይሆናል፤ ዘበኛ ደግሞ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ነው የሚቆመው፣ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ አያይም።

ነገሩ ከፊልሙ ሳይሆን ከቆሙበት ቦታ የመጣ መሆኑን የሚያሳየኝ በኋላ የሆነው ነው። ያው ኩባንያ በኖቬምበር 2023 የታይገርን ሦስተኛ ክፍል፣ በኦገስት 2025 ደግሞ ሌላ ተከታይ የስለላ ፊልም አወጣ። ጥሬው የኮምፒውተር ምስል ያው ነው፣ አገር ለአገር መዝለሉ ያው ነው፣ አንዱ ሰላይ በሌላው ፊልም ብቅ ማለቱም ያው ነው። «ነገር ግን» የሚለው ቃል ብቻ ከግምገማዎቹ ጠፋ። የሚጠበቅ ፊት አልነበረም፣ በሩ ላይም የሚጮኽ አልነበረም፤ ስለዚህ ሃያስያኑ ዘወር ብለው ቤቱን አዩት፣ ያዩትንም ጻፉ።

ፊልሙ በወጣ በአምስተኛው ቀን፣ በጃንዋሪ 30፣ ተዋንያኑ ከዳይሬክተሩ ጋር ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። ሻሩክ ካን ዲፒካን እያሳየ እሷ አማር ናት፣ እኔ አክባር ነኝ፣ ጆን ደግሞ አንቶኒ ነው፣ ሲኒማ ማለትም ይህ ነው አለ። በ1977 የወጣውንና በልጅነታቸው ተለያይተው አንዱ በሂንዱ፣ አንዱ በሙስሊም፣ አንዱ በክርስቲያን ቤት ያደጉትን የሦስት ወንድማማቾች ፊልም ማንሣቱ ነበር። በዚያ ፊልም መጨረሻ ወንድማማቾቹ ይተዋወቃሉ፣ እናትየዋም ልጆቿን ታገኛለች። ሳያስበው ወይም አስቦበት፣ ሻሩክ ካን ፊልሙን ወደ ጋሼ ቪዲዮ ቤት መለሰው፤ ወደዚያ ወደ ሰፊው መንገድ።

ጋሼ ቢኖር ሲኒማ ቤት የተጣለውን ሕፃን ነገር ሲሰማ ዝም አይልም ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተነሥቶ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ፣ «ቆይ፣ ጠብቁ፣ እናቱ ትመጣለች» ይለን ነበር፤ እኛም እናምነው ነበር።

ሁለተኛውን ጊዜ ፊልሙን ያየሁት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። ጂም ሞተ፣ የመጨረሻው ዘፈን አለፈ፣ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ። ሁለቱ ያረጁ ሰላዮች ተቀምጠው ጡረታ እንውጣ ወይ እየተባባሉ የሚተካቸው ወጣት ፈልገው አጡ፤ የአገር ጉዳይ ለልጆች አይተውም ብለው ተነሡ። የእህቴ ልጅ ሪሞቱን አንሥታ፣ «አጎቴ፣ አለቀ እኮ፤ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

«እናቱን» አልኳት።